ለእህቴ እንቁላሌን ልስጥ ወይ? ከመወሰኔ በፊት ምን ምን ላጣራ

ግራ_የገባት፦

ሰላም እህቶቼ እንዴት ናቹ። ይሄን ነገር ለጓደኞቼም ማውራት ስለከበደኝ ነው እዚህ የምጽፈው፣ ትንሽ ስለሚረዝም ታገሱኝ። 27 አመቴ ነው፣ አላገባሁም፣ ልጅ የለኝም፣ ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው። ታላቅ እህቴ 41 ሆናለች፣ ካገባች ብዙ አመት ሆኗታል ግን ልጅ አልያዘላትም። ያልሞከረችው የለም፣ ፀበሉም መድሀኒቱም፣ አይቪኤፍም (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጪ የሚዳቀሉበት ህክምና) ሞክራ አልተሳካላትም። በመጨረሻ ሀኪሟ በራስሽ እንቁላል የመውለድ እድልሽ በጣም ጠባብ ነው፣ የሌላ ወጣት ሴት እንቁላል ተወስዶ ከባልሽ ዘር ጋር ተዳቅሎ ያንቺ ማህፀን ውስጥ ቢቀመጥ ግን ተሸክመሽ መውለድ ትችያለሽ አላት። ከዛ እሷም ባሏም እኔን አሰቡ፣ ህንድ ያለ አንድ ክሊኒክ ጋር እየተጻጻፉ ነው።

እህቴ ራሷ አልጠየቀችኝም፣ የነገረችኝ እማዬ ናት። "ካንቺ እኮ የሚጎድል ነገር የለም፣ በየወሩ ዝም ብሎ የሚፈስ ነገር ነው" አለችኝ። እውነት ለመናገር እህቴን እንደ እናቴ ነው የማያት፣ የኮሌጅ ክፍያዬን የከፈለችው እሷ ናት፣ ስትወልድ ማየት የምፈልገውን ያህል ሌላ የምፈልገው ነገር የለም። ግን እሺ ለማለትም እምቢ ለማለትም አፌ ተሳሰረ። እምቢ ብል ቤተሰቡ በምን አይን ነው የሚያየኝ፣ እሺ ብዬ ደሞ ነገ ራሴ መውለድ ባልችልስ? ያማል? ከስራ ስንት ቀን ያስቀራል? ነገ የማገባው ሰው ሲሰማ ምን ይላል? ልጁስ ለኔ ምኔ ነው የሚሆነው፣ ከፊቴ እየሮጠ ሲያድግ አክስቴ ሲለኝ እችለዋለሁ? በዛ ላይ ባልየው ቤተሰቦቹ በተለይ እናቱ መቼም እንዳይሰሙ ይፈልጋል፣ እኛ አራታችን ብቻ ይዘነው እንድንሞት ማለት ነው። የምታውቁ ካላቹ እባካቹ ንገሩኝ፣ ስድብና ስብከት ግን ይቅርብኝ።


የአራት_ኪሎ_ልጅ፦

እህቴ ለእህት ያልሆነ ለማን ይሆናል? ኩላሊት የሚሰጥ ሰው አለ እኮ። ፈጣሪ ላንቺ አብዝቶ ለሷ አጉድሎ ይሆናል እንድትካፈሉ። እኔ ብሆን አላስብም ነበር።


ነርስ_ነኝ፦

የአራት ኪሎ ልጅ ቅንነትሽ ደስ ይላል ግን ኩላሊት የሚሰጥ ሰውም እኮ ወራት ተመርምሮ፣ ብቻውን ተጠይቆ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ማሰቧ ትክክል ነው፣ እሺ ግራ የገባሽ እህቴ የማውቀውን ልንገርሽ፣ የማህፀን ክፍል ውስጥ ነው የምሰራው።

እናትሽ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። በየወሩ ኦቫሪሽ (እንቁላል የሚቀመጥበት ክፍል) ላይ ብዙ እንቁላሎች ማደግ ይጀምሩና አንዷ ቀድማ ትወጣለች፣ የቀሩት ሟሙተው ይጠፋሉ። መርፌው የሚያደርገው እነዛ ሊጠፉ የነበሩትን አብሮ ማሳደግ ነው፣ የሚቀጥለውን አመት እንቁላል ከጎተራ አውጥቶ አይወስድም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ይዛ ነው፣ ለአቅመ ሄዋን ስትደርስ ከ300 እስከ 400 ሺህ ገደማ ይቀራታል፣ በእድሜዋ ሙሉ የምትለቃቸው ግን ጥቂት መቶዎቹን ብቻ ነው። ጤነኛ ለሆነች ወጣት አንድ ዙር መስጠት መሀን አያደርግም። "የሚጎድል ነገር የለም" የሚለው ላይ ግን አልስማማም፣ ሰውነትሽ ብዙ ነገር ያሳልፋል።

መጀመሪያ ምርመራ ነው፣ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ ቂጥኝ፣ የደም አይነት፣ በዘር የሚተላለፉ በሽታዎች፣ ኤኤምኤች የሚባል የእንቁላል ክምችትን የሚያሳይ የደም ምርመራ። ከዛ አልትራሳውንድ፣ ይሄኛው ሆድ ላይ የሚደረገው ሳይሆን በብልት በኩል የሚገባው ነው፣ እንቁላሉም የሚወጣው በዛው በኩል ነው። ይሄን የምነግርሽ ብዙ ልጆች እስከመጨረሻው ቀን ድረስ የሚነግራቸው ሰው ስለማይኖር ነው፣ ግንኙነት ጀምረሽ የማታውቂ ከሆነ ለሀኪሙ ለብቻሽ አስቀድመሽ ንገሪው፣ እናትሽም እህትሽም ክፍሉ ውስጥ ሳይኖሩ።

ፔሬድሽ በመጣ በሁለተኛው ወይ በሶስተኛው ቀን መርፌው ይጀመራል። ኢንሱሊን እንደሚወጉት ነው፣ ቀጭን መርፌ፣ እምብርት አካባቢ ከቆዳ ስር፣ ራስሽ ትወጊዋለሽ፣ ከ8 እስከ 14 ቀን ባለው ውስጥ ያልቃል። በየሁለት ሶስት ቀኑ አልትራሳውንድና ደም አለ። መጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ጂንስሽ አይቆለፍም፣ ሆድሽ ይነፋል፣ ጡትሽ ያምሻል፣ ሲያናግሩሽ ለቅሶ ለቅሶ ሊልሽ ይችላል። እንቁላሎቹ ሲደርሱ የመጨረሻው መርፌ በተባለው ሰዓት ልክ ይወጋል፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ምክንያቱም ማውጣቱ ከሱ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ላይ መሆን አለበት። ሲወጣ ማደንዘዣ ይሰጥሻል፣ አልትራሳውንዱ ላይ በተገጠመ ረጅም መርፌ እየተሳበ ነው የሚወጣው፣ ግማሽ ሰአት ቢፈጅ ነው፣ በዛው ቀን ትወጫለሽ ግን ሰው ይዞሽ። ቁርጠትና ትንሽ ደም ይኖራል። ከስራ ስንት ቀን ያስቀራል ላልሽው፣ በተለይ ክትትሉ ጠዋት ጠዋት ስለሚሆን ፈቃድ አስቀድመሽ አስቢበት።

ዋናው ጉዳት ኦቫሪ ከመጠን በላይ ሲነሳሳ የሚመጣው ነው፣ ኦኤችኤስኤስ ይሉታል። ከበድ ሲል ከደም ስር ውሀ ወጥቶ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በቀን ውስጥ ኪሎ ይጨምራል፣ ማስታወክ፣ ሽንት መቀነስ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ደም መርጋትም ያመጣል። ከባዱ ብዙ ጊዜ አይገጥምም ግን ወጣት የሆነች፣ ኤኤምኤቿ ከፍ ያለ፣ ፒሲኦኤስ (ኦቫሪ ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢቶች የሚታዩበት የሆርሞን መዛባት) ያለባት ልጅ ላይ የመምጣት እድሉ ይጨምራል፣ እንቁላል ስጪ የሚባሉት ደሞ ወጣቶቹ ናቸው። ስለዚህ ሀኪሙን የምትጠይቂው ጥያቄ ይሄ ነው፦ የመጨረሻው መርፌ ኤችሲጂ ነው ወይስ አጎኒስት የሚባለው? በሁለተኛው ይሄ ችግር በጣም ይቀንሳል፣ ላንቺ ደሞ ፅንስ ስለማይገባብሽ እሱን ላለመጠቀም ብዙ ምክንያት የለም። ኢንፌክሽን፣ መድማት፣ ኦቫሪ መጠማዘዝ የሚባሉትም አሉ፣ አልፎ አልፎ ነው ግን አሉ፣ ለዛ ነው በነዛ ሳምንታት ሩጫና ከባድ ስፖርት የሚከለከለው። ግንኙነትም፣ ያልወጣች እንቁላል ካለች ሳታስቢው ማርገዝ አለ፣ መንታም ከዛ በላይም ሊሆን ይችላል።

ሌላው፣ መርፌው እዚህ ተጀምሮ እዛ ይጨረሳል የሚሉ ከሆነ መድሀኒቱ ከየት እንደመጣ ጠይቂ። አንዳንዱ ፍሪጅ የሚፈልግ ነው፣ በሰው ሻንጣ መጥቶ መብራት በጠፋበት ቤት የሰነበተ መርፌ አትወጊ። ከወጣልሽ በኋላም ሆድሽ ተነፍቶ እያለ የአምስት ስድስት ሰዓት በረራ አትቸኩዪ። እዚህ ከገባሽ በኋላ ሌሊት ላይ ትንፋሽ ቢያጥርሽ የት ነው የምትሄጂው? የሚያውቅሽ፣ ፋይልሽን ያየ አንድ የማህፀን ሀኪም አዲስ አበባ ውስጥ ሳይኖርሽ አትጀምሪ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ግን፣ እህትሽ እንቁላልሽ አልቋል የተባለችው በስንት አመቷ ነው?


ሰጥቻለሁ፦

እኔ ለአክስቴ ልጅ ሰጥቻለሁ፣ ውጪ ሀገር ነው የተደረገው፣ የተወለደው ልጅ አሁን ትምህርት ቤት ገብቷል። ነርሷ ያለችው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን ስለ መርፌው ሳይሆን ከዛ በኋላ ስላለው ነው የምነግርሽ ምክንያቱም መርፌው ያልፋል።

ልጁ ለኔ ምኔ ነው የሚሆነው ላልሽው፣ ለኔ የሆነው እንዲህ ነው። ስትወልድ ሳየው ደስ አለኝ፣ እንደ ዘመድ ነው ደስ ያለኝ፣ እናቱ እኔ ነኝ የሚል ስሜት አልመጣብኝም። ዘጠኝ ወር ተሸክማ በኦፕራሲዮን የወለደችው፣ ሌሊት የምትነሳው እሷ ናት። የከበደኝ ክርስትናው ቀን ነው። በ40 ቀኑ ሰው ተሰብስቦ ማን ይመስላል ጨዋታ ተጀመረ፣ አንዷ አፍንጫው የእንትና ነው ብላ ወደኔ ዞረች፣ እናቱ ሳህን ይዛ ነበር ቀጥ ብላ ቆመች። ማንም ምንም አላሰበም፣ ዘመዳሞች ነን ብንመሳሰል ምን ይገርማል፣ እኛ ሁለታችን ግን ያን ቀን ስንተያይ የቆየነው መተያየት አሁንም አለቀቀንም። እኔ ባለሁበት ልጁን ስትቆጣው ወደኔ ታያለች። እኔም ቤቷ ስሄድ እሱን ብዙ ባቅፈው ምን ትላለች እያልኩ ነው የማቅፈው። ማንም ጥፋተኛ ሆኖ አይደለም።

ያ ሁሉ የመጣው ቀድመን ስላልተነጋገርን ነው። እና ካንቺ የምለምነው፣ እሺ ከማለትሽ በፊት ከእህትሽ ጋር ብቻሽን ቁጭ በይ፣ እማማን መሀል አታስገቢ። ልጁ ይነገረዋል ወይስ አይነገረውም? ማን ነው የሚነግረው፣ በስንት አመቱ? ልጁ ቢታመም፣ ጥሩ ባይማር፣ እነሱ ቢፋቱ አንቺ ሀሳብ መስጠት ትችያለሽ ወይስ አክስት ነሽ አፍሽን ያዢ? የመጀመሪያው ዙር ባይሳካ እና እህትሽ ሁለተኛ ዙር ብትጠይቅሽስ? ምክንያቱም አንድ ዙር ሰጠሽ ማለት ልጅ ተወለደ ማለት አይደለም፣ ከወጡት እንቁላሎች የሚዳቀሉት ሁሉም አይደሉም፣ ከዛም ፅንስ ሆኖ የሚያድገው ያነሰው፣ ማህፀን ላይ የሚይዘው ደሞ ከዛም ያነሰ ነው። አልያዘም ሲባል እህትሽ ፊት ላይ የምታነቢው ሀዘን አንቺ ላይ እንዳይጫን ቀድመሽ አስቢበት።

አራታችን ይዘነው እንሞታለን ያልሽው ነገር ደሞ ያስፈራኛል። አሁን እኮ ሰው በምራቁ ዲኤንኤ የሚያስመረምርበት ዘመን ነው፣ ዲያስፖራ ያለ አንድ የአጎት ልጅ ለጨዋታ ቢመረመር ያ ልጅ አድጎ ራሱ ቢመረመር ይወጣል። በ18 አመቱ ከሌላ ሰው ሲሰማው እና በልጅነቱ ከናቱ አፍ ሲሰማው አንድ አይሆንም። እኔ አሁን የምገፋፋት በትንሽነቱ፣ በሚገባው ቋንቋ እንድትነግረው ነው፣ እስካሁን እሺ አላለችኝም።

ስለ ባል የጠየቅሽው፣ ለኔ ባል ከመጋባታችን በፊት ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ጤናሽን ጎዳሽ ወይ ብቻ ነው ያለኝ። የሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም ይገባኛል፣ ግን በዚህ የሚሄድ ሰው ከሆነ ቀድሞ ቢሄድ ይሻላል።


ከሜክሲኮ_የህግ_ባለሙያ፦

ህጉን በአጭሩ ልበል። አዲስ አበባ ላይ የሚሰራው የተሻሻለው የቤተሰብ ህግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እናትነት የሚረጋገጠው ሴትየዋ ልጁን በመውለዷ ብቻ ነው ይላል። በጋብቻ ውስጥ ለተወለደ ልጅ ደሞ አባቱ ባልየው ነው። ስለዚህ እህትሽ ተሸክማ ከወለደች በህግ እናት እሷ ናት፣ አንቺ አክስት ነሽ። አዋጁ ስለ እንቁላል ልገሳ ለይቶ የደነገገው ነገር ግን የለም፣ ስለዚህ እዚህ ሀገር እንሰራዋለን የሚልሽ ቦታ ካለ በየትኛው ህግና በየትኛው ፈቃድ እንደሚሰሩ በጽሁፍ ያሳዩሽ፣ በቃል አትመኚ።

ህንድ ከሆነ የራሱ ህግ አለው፣ በፈረንጆቹ 2021 የወጣ። እንቁላል ሰጪ ከ23 እስከ 35 አመት መሆን አለባት፣ በህይወቷ አንዴ ብቻ ነው የምትሰጠው፣ ከ7 እንቁላል በላይም አይወጣባትም። ልጅ ፈላጊዎቹ ለሰጪዋ የ12 ወር ኢንሹራንስ መግባት አለባቸው። እንቁላል ሰጪዎችን የሚያቀርቡት የተመዘገቡ ባንኮች ናቸው፣ ስለዚህ ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ክሊኒኩ ቤተሰቡ ራሱ ይዞ የመጣትን ሰጪ ይቀበላል ወይ የሚለውን በጽሁፍ ይመልሱላቹ። ማንም ክሊኒክ "እሱን ስትመጡ እናስተካክለዋለን" ካላቹ እዛው ተዉት፣ የምታጡት የቲኬት ብር ብቻ አይደለም፣ ህግ በማያውቅሽ ሀገር ውስጥ ታመሽ ልትተኚ ትችያለሽ ማለት ነው።

የስምምነት ቅጹን አንቺ በሚገባሽ ቋንቋ አንብቢው። ብዙ ሰው የማያየው የተረፉ ፅንሶችን ጉዳይ ነው። አምስት ፅንስ ተሰርቶ አንዱ ቢገባ አራቱ በረዶ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እህትሽና ባሏ ቢለያዩ ወይ አንዳቸው ቢሞቱ ምን ይሆናሉ? ለሌላ ሰው ይሰጣሉ? ለምርምር? ይጣላሉ? ሀሳብሽን መቀየር የምትችዪው እስከ መቼ ድረስ እንደሆነም ቅጹ ላይ ይጻፍ፣ ለምሳሌ እንግሊዝ ሀገር ፅንሱ ማህፀን ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሰጪዋ ፈቃዷን ማንሳት ትችላለች። ሚስጥር ስለመጠበቁም፣ እዛው እንግሊዝ ከሚያዝያ 2005 እንደነሱ አቆጣጠር ጀምሮ የተመዘገቡ ሰጪዎች ማንነት ልጁ 18 ሲሞላው መጠየቅ ይቻላል፣ አለም ወዴት እየሄደ እንደሆነ ያሳያል።

አንድ ነገር ከህግ ውጪ ልጨምር፣ እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን የምንጋባ ሰዎች ነን። ያንቺ የወደፊት ልጆችና ያ ልጅ በወረቀት የአክስት ልጆች ናቸው፣ በደም ግን የእናት ልጆች ናቸው። በቤተሰብ ውስጥ ስለሆነ እንደማይጋቡ የታወቀ ነው፣ ለማታውቀው ሰው የምትሰጥ ሴት ግን ያንን ቆጠራ ማንም ሊቆጥርላት አይችልም፣ ከተማው ደሞ ትንሽ ነው።


ኡሙ_ፈውዛን፦

ለሙስሊም እህቶች፣ አብዛኞቹ የሱኒ ዑለማዎች አይቪኤፍን በባልና ሚስት መሀል ከሆነ ይፈቅዳሉ፣ ሶስተኛ ሰው እንቁላልም ሆነ ዘር ሲገባበት ግን ሀራም ነው ብለዋል፣ ምክንያታቸው ነሰብ (የዘር ሀረግ) እንዳይቀላቀል ነው። ጠያቂዋ እምነትሽን አላልሽም፣ ክርስቲያን ከሆንሽም የንስሀ አባትሽን ከውሳኔሽ በፊት አናግሪ፣ ከወሰንሽ በኋላ ህሊናሽ ሲወቅስሽ ከመኖር ይሻላል።


ስራ_ፈላጊ፦

ጥያቄ ለመጥለፍ አይደለም ግን ነርሷ ካለሽ፣ እኔን ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው አናግሮኛል፣ ጎረቤት ሀገር ወስደን እንቁላል እናስወጣለን፣ ትራንስፖርት ሆቴል በኛ ነው፣ ብሩ ደሞ ለኔ አንድ አመት ሰርቼ የማላገኘው ነው። 22 አመቴ ነው፣ ፒያሳ ነው የምኖረው፣ የነበርንበት ቤት ስለፈረሰ የቤት ኪራዩ አናታችን ላይ ወጥቷል። ፓስፖርትሽን እኛ እናወጣለን እኛው ጋር ይቀመጣል አለኝ። እስኪ ምን ትላላቹ


ነርስ_ነኝ፦

ሆዴ፣ ፓስፖርትሽ እኛ ጋር ይቀመጣል ያለሽ ሰው ጋር የትም አትሂጂ። እዛው ላይ ነገሩ አበቃ። ችግርሽን አቃልዬ አይደለም፣ ኪራዩ ምን እንደሆነ እኔም አውቀዋለሁ።

ደላላ በእንቁላል ቁጥር ወይ በሰው ቁጥር ሊከፈለው ይችላል፣ ስለዚህ ዶዙን ከፍ አድርጎ ብዙ የሚያወጣ ክሊኒክ ለሱ ጥሩ ነው፣ ላንቺ ደሞ ቅድም የጻፍኩት የሆድ ውሀ ነው። ከወጣልሽ በሶስተኛው ቀን ሆድሽ ቢነፋ ሆቴል ውስጥ ማን ነው በሩን የሚያንኳኳልሽ? ካርድሽን ማን ይዞታል? ምን መድሀኒት እንደተወጋሽ የሚል ወረቀት ሳይኖርሽ አዲስ አበባ መጥተሽ ድንገተኛ ብትገቢ እኛም እንቸገራለን። ደሞ ዛሬ እንቁላል ከሰጠሽ ነገ ድጋሚ ይደውሉልሻል፣ አሜሪካ ያሉ የዘርፉ ሀኪሞች ማህበር በህይወት ዘመን ከ6 ዙር በላይ እንዳይሆን ይመክራል፣ ደላላ ግን አይቆጥርልሽም። ሰጪዎችን ለብዙ አመት ተከታትሎ የሚመዘግብ ስርአት በብዙ ሀገር የለም፣ ስለዚህ ከሀያ አመት በኋላ ምን ይሆናል ለሚለው ራስሽ ነሽ የራስሽ መዝገብ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ስለ ስራው የማውቃቸው ሰዎች አሉ።


ግራ_የገባት፦

እግዚአብሄር ይስጣቹ፣ ሁላችሁንም ሁለት ሶስት ጊዜ ነው ያነበብኳቹ። "ሰጥቻለሁ" ያልሽው እህቴ ያንቺን ሳነብ አልቅሻለሁ፣ በተለይ ሳህን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች ያልሽው። እኛ ቤት ይሄ በትክክል የሚሆን ነገር ነው፣ እኔና እህቴ በጣም ነው የምንመሳሰለው።

ነርሷ ለጠየቅሽኝ፣ እህቴን ጠየቅኳት። ፔሬዷ መዛባት የጀመረው 35 አካባቢ ነው፣ እንቁላልሽ አልቋል የተባለችው በ37 ነው። እማዬም ስጠይቃት እኔም በ40ዎቹ መጀመሪያ ነው የቆመብኝ አለች፣ እስከዛሬ አስቤውም አላውቅም። ይሄ ከኔ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር ከዛ ድንገት ገባኝና እጄ ቀዘቀዘ። እና አሁን የኔስ?


ነርስ_ነኝ፦

ለዛ ነው የጠየቅኩሽ። ከ40 በፊት ሲያልቅ ያለ እድሜ የእንቁላል ማለቅ ይባላል፣ ሁልጊዜ ባይሆንም በቤተሰብ የሚሄድበት ጊዜ አለ፣ በዘር የሚተላለፍ መንስኤ የሚገኝበትም አለ፣ ፍራጃይል ኤክስ የሚባለው አንዱ ነው። እናትሽም ቀደም ብሎ ቆሞባቸው ከሆነ ያንቺን ሳያዩ ስለመስጠት ማውራት አይቻልም። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብትን መጣል እንዳይሆን። ደሞ አትደንግጪ፣ አንቺም ላይ አለ ማለት አይደለም፣ እህትማማቾች ሆነው አንዷ ጋር ኖሮ አንዷ ጋር የማይኖርበት ብዙ ነው። በዘር የሚመጣ ነገር ከተገኘም ለህጻኑም ጭምር ስለሆነ እህትሽም ማወቅ አለባት።

ኤኤምኤች እና በአልትራሳውንድ የሚደረገውን የእንቁላል ከረጢት ቆጠራ አሰሪ፣ ለራስሽ ብለሽ፣ በራስሽ ስም፣ ውጤቱን አንቺ ብቻ ተቀበዪ። ኤኤምኤች በወሩ የትኛውም ቀን ይሰራል፣ አልትራሳውንዱ ግን ፔሬድሽ በመጣ ከ2ኛው እስከ 5ኛው ቀን ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው። እንክብል፣ የሶስት ወር መርፌ ወይ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የምትጠቀሚ ከሆነ ውጤቱን ዝቅ አድርጎ ሊያሳይ ስለሚችል ለሀኪሙ ንገሪው። እህትሽ ያሰራቻቸውን ወረቀቶች ኮፒ ይዘሽ ሂጂ፣ ለሀኪሙ በጣም ይጠቅመዋል።

ውጤቱ ጥሩ ሆኖም አልፈልግም ብትዪ መብትሽ ነው። ሀኪሙ ጋር ብቻሽን ስትገቢ ንገሪው፣ ብዙ ሀኪሞች ምክንያት ሳይዘረዝሩ ለቤተሰብ "ለዚህ ህክምና ተስማሚ አይደለችም" ይላሉ፣ ይሉኝታው ካንቺ ላይ ይነሳል።


ግራ_የገባት፦

እሺ። ሰኞ የእህቴን ፋይል ተቀብዬ ማክሰኞ ከስራ ፈቃድ ወስጄ ልሄድ ነው፣ ለእማዬ እስከዛ ምንም አልላትም። ለእህቴ ግን ነገርኳት፣ መጀመሪያ ራሴን ላስመርምር ስላት ዝም አለችና "እኔ ልጠይቅሽ ያልደፈርኩት ለዚህ ነው፣ ካንቺ የሚበልጥብኝ ልጅ የለም" አለችኝ። የልጁን መንገር አለመንገር ጉዳይ አነሳሁባት፣ ከባሏ ጋር ትነጋገራለች። ውጤቱ ሲመጣ እጽፍላቹሀለሁ።


ሰጥቻለሁ፦

ማክሰኞ ብቻሽን እንዳትሄጂ፣ ሰው ከፈለግሽ እኔ ስታዲየም አካባቢ ነው የምሰራው፣ በውስጥ ጻፊልኝ።